«ቁልፉን እንዳትነኪ» ላሉኝ መካኒክ

ይሄን መጻፍ የነበረብኝ ከ3 ሳምንት በፊት ነው። ያዘገየኝ ክርክር ነው። ስምዎን ልጥቀስ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው እምቢ ይላሉ። በመጨረሻ አሸነፉኝ። «ልጄ፣ ስሜን ተዪው፤ የሚፈልገኝ ሰው ካለ ስልኬን ስጪው» አሉኝ። ስለዚህ እዚህ ጋሼ እያልኩ ነው የምጽፈው። ስልካቸውን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ያለ ስስት እሰጣለሁ።

ከመጀመሪያው ልነሳ። መኪናዋን ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው የምንጋራት። ወንድሜ መኪና ይወዳል፤ ማለቴ፣ የመኪና ድምፅ ይወዳል። አንድ ቀን መጥቶ «ኮልድ ኤር ኢንቴክ እናስገጥምላት» አለኝ። ምንድን ነው ስለው፣ ሞተሩ ቀዝቀዝ ያለ አየር እንዲስብ የሚያደርግ ረጅም ቱቦ ነው፣ ጉልበት ይጨምራል አለኝ። ቀዝቃዛ አየር ማን ይጠላል? እሺ አልኩ።

የገጠመልን ጋራዥ ፋብሪካው የሠራውን ጥቁር የፊልትሮ ሳጥን ነቅሎ አወጣ። በምትኩ የሚያብረቀርቅ ቱቦ ወደ ታች ዘረጋና ጫፉ ላይ ያለውን ፊልትሮ ከፊት ፓራውልት ጀርባ አንጠለጠለው። ገንዘቡን ተቀብሎ ሸኘን። ስለ ውሃ አንድ ቃል አልተነፈሰም። አንድ ቃል! እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። በኋላ በእጄ ስለካው ፊልትሮው ከመሬት 2 ስንዝር አይሞላም።

ዝናብ ሲጀምር መኪናዋ ትንተባተብ ጀመር። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት በራ። ተመልሼ ሄድኩ። ሦስት ልጆች ኮፈኑን ከፍተው ቆሙ። አንዱ ስልኩን እየነካካ «ዝናብ ነዋ» አለኝ። ለዚህ ምርመራ አስከፈሉኝ።

ሌላ ቦታ ሄድኩ። እዚያ ደግሞ ቱቦው መሀል የሚገባ ቫልቭ ሸጡልኝ። ፊልትሮው ውሃ ውስጥ ሲገባ በራሱ ተከፍቶ ከላይ አየር ያስገባል ተባልኩ። «ከእንግዲህ ወንዝ ውስጥ ብትነጂም ግድ የለም» ነው ያለኝ ሻጩ። እኔም አመንኩት። ማን ላምን ነበር?

ከዚያ ያቺ ማታ መጣች። እናቴ ከጎኔ ተቀምጣለች። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። መንገዱ ዝቅ የሚልበት ጋ ውሃ ተኝቷል፤ የፊቴ መኪኖች ሲያልፉ አየሁና ተከተልኩ። ከወዲያ የመጣ የጭነት መኪና ውሃውን ገፍቶ ላካብን። መኪናዋ አንዴ ሳል አለችና ቀጥ።

ቫልቩን የሸጠልኝ ሰው ጋ ደወልኩ። «ደጋግመሽ ሞክሪው፣ ይነሳል» ብሎ ዘጋብኝ።

እጄ ቁልፉ ላይ ነበር። እውነቴን ነው፣ ጣቶቼ ይዘውት ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ድሮ የሰጠችኝ የአንድ መካኒክ ስልክ ትዝ አለኝና ደወልኩ። ጋሼ አነሱት። መጀመሪያ የጠየቁኝ «ማን አብሮሽ አለ?» ብለው ነው። እናቴ አልኳቸው። «ውሃው እየጨመረ ነው ወይስ ቆሟል?» እየጨመረ ነው። «በይ፣ እናትሽን ይዘሽ ከፍ ያለ ቦታ ውጪ። ቁልፉን እንዳትነኪ። አንዴም ቢሆን።» አንዴ ብቻ ልሞክረው ስላቸው ቆጣ አሉ። «ልጄ፣ ሞተሩ እስካሁን ሞቶ ላይሆን ይችላል። አሁን ካስነሳሽው ግን ገዳይዋ አንቺ ነሽ።»

ስልኩን አልዘጉትም። ይሄን ነው መቼም የማልረሳው። የማያውቋት ሴት ዝናብ ውስጥ ቆማ ታለቅሳለች፣ እሳቸው «አይዞሽ፣ ብረት ነው፣ ብረት ይጠገናል» ይሉኛል። እናቴ ስልኩን ነጥቃኝ ምርቃቷን አወረደችባቸው። ከጎታቹ መኪና ጋር ራሳቸው መጡ። ሲወርዱ ጃንጥላ ይዘዋል። ለእናቴ።

በማግስቱ ጋራዣቸው ቆሜ አየሁ። አራቱንም ካንዴላ፣ ሲሊንደሮቹ አናት ላይ የሚታሰሩትን የእሳት መጫሪያዎች፣ ፈቱ። «ዞር በይ» አሉኝና ሞተሩን በማስነሻው፣ በሞተሪኖው፣ አዞሩት። ከሁለቱ ቀዳዳ ውሃ እንደ ተፈነዳ ቧንቧ ተተኮሰ። ኮፈኑ ላይ ደረሰ። ያቺን ማታ ቁልፉን ብጠመዝዘው ያ ሁሉ ውሃ መውጫ አልነበረውም።

አልገባኝም መሰለኝ፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ አመጡ። አየር ብቻ እንዳለበት ጫፉን በጣታቸው ደፍነው «ግፊው» አሉኝ። ገባ፣ ተጨመቀ። ውሃ ሞልተው «አሁንስ?» አሉኝ። ግድግዳ መግፋት ነው። «ፒስተኑ እንደዚህ ነው» አሉኝ። «አየሩን ወደ አንድ አስረኛ ይጠቀጥቀዋል። ውሃ አይጠቀጠቅም። ታዲያ ሞተሩ ልዙር ሲል የሚታጠፈው ፒስተኑን የያዘው ዘንግ፣ ቢየላው ነው።» ከዚህ በላይ ያለው ማብራሪያቸው ከእኔ አቅም በላይ ነበር።

ሌላው ሰው እዚህ ጋ ይጨርስ ነበር። እሳቸው ኢንተርኩለሩንም፣ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን አየር የሚያቀዘቅዘውን ዕቃ፣ አስወረዱት። ሲያዘነብሉት አንድ ጣሳ ቡናማ ውሃ ወጣ። «ይሄ ቢቀር ኖሮ ነገ ሲነሳ ይስበው ነበር» አሉ። ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ነበር፤ ለወጡት፣ ትንሽ አስነሥተው እንደገና ለወጡት። የአራቱንም ሲሊንደር ግፊት ለኩ። እኩል ነው። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ቫልቩን ሲያዩ ሳቁ። መኪናዬ ተርቦ፣ አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚከት ዕቃ፣ አላት፤ ያ ዓይነት ቫልቭ ደግሞ ተርቦ ለሌለው ሞተር ነው ለካ። ሻጩ ኮፈኑን ከፍቶ አይቶ ነው የሸጠልኝ። ዝም ልበል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነው ያስገረመኝ። ሌላ ዕቃ ይሸጡልኛል ብዬ ስጠብቅ «የድሮውን ሳጥን አልጣላችሁትም አይደል?» አሉኝ። ዕቃ ቤት አሮጌ ጫማ ተሞልቶበት አገኘሁት። አጥበው እሱኑ መልሰው ገጠሙት። የአየር መሳቢያ አፉ ከላይ፣ ከኮፈኑ ጫፍ ሥር ነው። ወንድሜ ሲያኮርፍ በትዕግሥት አስረዱት። ቱቦውን ከወደድከው አጭሩ ዓይነት አለ፣ ፊልትሮው ሞተሩ ጋ ከፍ ብሎ የሚቀመጥ፤ ሞቅ ያለ አየር ይስባል፣ ግን ከኩሬ አይጠጣም አሉት። ፊልትሮውን የሚያለብሱት ውሃ የማያሳልፍ ጨርቅስ ሲላቸው፣ «ለፍንጣሪ ጥሩ ነው፣ ፊልትሮው ከጠለቀ ግን አያድንህም» አሉት። ካፊያ አትፍራ፣ የተኛ ውሃ ፍራ አሉት። አንድ ባለ 2 ሊትር ሞተር፣ ተርቦ ባይኖረው እንኳ፣ ጋዝ ተረግጦለት በደቂቃ 2000 ጊዜ ሲዞር ወደ 2000 ሊትር አየር እንደሚስብ ሲነግሩት ልጁ አፉን ከፈተ። እንደዚያ የሚስብ ነገር ውሃ ካገኘ አይመርጥም።

የእጃቸውንና የዘይቱን ብቻ ነው የተቀበሉኝ። የጉተታውን «የእናትሽ ምርቃት ከፍሎታል» አሉኝ።

እባካችሁ፣ እንዲህ ዓይነት ቱቦ ያስገጠማችሁ ሁሉ፣ ዛሬውኑ ጎንበስ ብላችሁ ፊልትሮው የት እንዳለ እዩ። ከዚያ መኪናችሁን ለጋሼ ውሰዱላቸው። ሳይከፍቱ «ሞተር ይቀየር» የሚሏችሁን አትስሙ። ጋሼ ጋ ሂዱ። ደግሜ እላለሁ፣ ጋሼ ጋ ሂዱ። ትንሽ ወረፋ አለ፣ ሬዲዮናቸውም ይጮኻል፣ ቻሉት።

ባለፈው ማክሰኞ ማታ ደግሞ ያ ዓይነት ዝናብ ወረደ። ስልኬ ጠራ። ጋሼ ናቸው።

«መንገድ ላይ ነሽ?»

«ቤት ነኝ ጋሼ።»

«መኪናዋስ?»

«ግቢ ቆማለች።»

«በይ እንግዲያው ተኚ» ብለው ዘጉት።