ብሌኒ ወይስ አምባዛ?

ጅማ ላይ ባዮሎጂ የሚያስተምር ሰው፣ ከውኃ ወጥቶም ስለሚተነፍስ ዓሣ ሲያስረዳ የትኛውን ያንሳ? ሁለቱም ቅርፊት የላቸውም፤ ሁለቱም ያሙለጨልጫሉ።

አምባዛ ከስንጥቡ በላይ አየር የሚስብበት ልዩ አካል አለው። ከአንድ ሜትር በላይም ያድጋል።

በአውሮፓ አለታማ ዳርቻዎች የሚኖረው ብሌኒ አብዛኛውን ጊዜ ስንዝር አይሞላም። ባሕሩ ሲሸሽ እርጥብ ድንጋይ ሥር ይሸጎጥና በቆዳው ጭምር እየተነፈሰ ውኃው እስኪመለስ ይቆያል። እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን አባትየው ነው። እንቁላሎቹ ዓለት ስንጥቅ ውስጥ ተጣብቀው እስኪፈለፈሉ ድረስ ንቅንቅ አይልም፤ በክንፉ ውኃ ያራግብላቸዋል። አምባዛ እንቁላሉን ጥሎ ነው የሚሄደው።

ፍቅሬ ለብሌኒ ቢሆንም ለክፍል አምባዛን እመርጣለሁ። የአገራችን ወንዝና ሐይቅ ዓሣ ስለሆነ ተማሪዎቹ ስንጥቡን ገልጠው ያንን አካል በዓይናቸው ማየት ይችላሉ።