የታሸገ የማንጎ መጠጥ ወይስ የጁስ ቤት ስፕሪስ?

ሐዋሳ ላይ ፀሐዩ ሲከር፣ አንዱ ሱቅ ገብቶ የታሸገ የማንጎ መጠጥ ያነሳል፤ ሌላው ጁስ ቤት ገብቶ ስፕሪስ ያዛል።

የታሸገው ጀርባው ላይ ጽሑፍ አለው። ግብዓቶቹ የሚደረደሩት በክብደት፣ ከብዙው ወደ ትንሹ ነው። «ውኃ፣ ስኳር፣ የማንጎ ጭማቂ» ካለ ስኳሩ ከማንጎው አያንስም። ፊት ለፊት ያለውን የማንጎ ሥዕል እርሱት! ግሉኮስ ሽሮፕም ያው ስኳር ነው። በ100 ሚሊ ሊትር 12 ግራም ስኳር ካለው፣ የ300 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ 36 ግራም ይዟል፤ 9 የሻይ ማንኪያ ገደማ።

ስፕሪሱ ምንም አልተጻፈበትም። ግን አቮካዶው ሲላጥ፣ ፓፓያው ሲቆረጥ ታያላችሁ። ችግሩ ሳይጠየቅ የሚጨመረው ስኳር ነው። እሱን ደግሞ «ያለ ስኳር» ብሎ ማዘዝ ይቻላል። እኔ ስፕሪሱን እመርጣለሁ፤ ሎሚ ይጨመቅበት እንጂ ስኳር አይግባበት።