ፋንታሲ ፕሪሚየር ሊግ ከጎንደር ሲታይ፦ ኳስ ከማወቅ ሰዓት ማወቅ

ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ አካባቢ ዲኤስቲቪ ቤት የገባ ሰው አንድ ግር የሚል ነገር ያያል። የሚደግፈው ቡድን ሦስት ለባዶ እየመራ ፊቱ የጠቆረ ደጋፊ አለ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አምበል ያደረገው አጥቂ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው፣ ጎሎቹንም ያስቆጠረው ትናንት ማታ የሸጠው ልጅ ነው። እዚህ የሚገመገመው ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ይፋዊ የፋንታሲ ጨዋታ ነው፤ ግምገማው የ2025/26ን (በፈረንጆች አቆጣጠር) የውድድር ዘመን ደንብ ይከተላል።

ጨዋታው ነፃ ነው። ኢሜይል ያለው ሁሉ ይመዘገባል፤ በ2024/25 ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦበታል። በየሳምንቱ የምትወዷቸውን ተጫዋቾች ትመርጣላችሁ፣ እነሱ ሜዳ ላይ የሠሩት ለእናንተ ነጥብ ይሆናል። ኳስ በደንብ የሚያውቅ ሁሉ የሚያሸንፍ ይመስለዋል፤ የሚሸነፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሰዓትና በችኮላ ነው።

ሐሳቡ ራሱ ከእግር ኳስ አልመጣም። በፈረንጆች 1980 ዳንኤል ኦክረንት የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊና ጓደኞቹ ኒው ዮርክ በሚገኝ ላ ሮቲሴሪ ፍራንሴዝ በተባለ ምግብ ቤት እየተገናኙ የቤዝቦል ተጫዋቾችን በምናብ ገንዘብ መግዛት ጀመሩ፤ ጨዋታው እስከ ዛሬ «ሮቲሴሪ ቤዝቦል» የሚባለው በዚያ ምግብ ቤት ስም ነው። ቤዝቦል ለዚህ የተመቸ ነበር፤ እያንዳንዱ ምትና እያንዳንዱ ውርወራ በቁጥር ይመዘገባልና። ነገር ግን በአሜሪካ ሊግ አንድ ቡድን በዓመት 162 ጊዜ ስለሚጫወት ምርጫውን በየቀኑ መከታተል ያስፈልጋል፤ በበጋቸው በምሥራቅ አሜሪካ ማታ የሚጀመር ጨዋታ ደግሞ ለእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። እንግሊዝ 38 ዙር ብቻ ነው ያላት። ኔትወርኩ አንዳንዴ አለሁ፣ አንዳንዴ የለሁም ለሚልበት ከተማ በሳምንት አንዴ ገብቶ የሚጨረስ ነገር ይሻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 100 ሚሊዮን ፓውንድ የምናብ በጀት ይሰጣችኋል፤ በሱ 15 ተጫዋች ትገዛላችሁ፦ 2 በረኛ፣ 5 ተከላካይ፣ 5 አማካይ፣ 3 አጥቂ። ከአንድ ክለብ ከ3 በላይ አይፈቀድም። ከ15ቱ 11 ይሰለፋሉ፣ አንዱ አምበል ይሆንና ነጥቡ በሁለት ይባዛል። ጀማሪን የሚጥለው የበጀቱ አከፋፈል ነው። ሁለት ውድ በረኛ መግዛት ብክነት ነው፤ ሁለተኛው በ4.0 ሚሊዮን ይገዛና ወንበሩን ያሙቅ። ለመጀመሪያ ቡድን የሚሠራ አንድ ስሌት እነሆ፦ ለበረኞች 9.0፣ ለተከላካዮች 24.5፣ ለአማካዮች 40.5፣ ለአጥቂዎች 26.0። በዚህ ስሌት አንድ 14.0 የሚያወጣ አጥቂ፣ አንድ 7.5 የሚያወጣና ሦስተኛው ለወንበር የሚሆን 4.5 ይያዛል። ብዙው ገንዘብ ወደ አማካዮች የሚሄደው በከንቱ አይደለም። አማካይ ጎል ሲያገባ 5 ነጥብ፣ አጥቂ ግን 4 ነው የሚያገኘው፤ በዚያ ላይ ቡድኑ ጎል ካልተቆጠረበት አማካዩ 1 ይጨመርለታል። ሞሐመድ ሳላህ በ2024/25 29 ጎልና 18 አሲስት (ለጎል ያበቃ ኳስ) ይዞ 344 ነጥብ የሰበሰበው በጨዋታው ደብተር «አማካይ» ተብሎ ስለተመዘገበ ጭምር ነው። ከዚያ በፊት የነበረውም ክብረ ወሰን የራሱ ነበር፣ 303፣ በ2017/18።

አሁን ወደ ሰዓቱ። የምርጫ መዝጊያ ከዙሩ የመጀመሪያ ጨዋታ 90 ደቂቃ በፊት ነው፤ አንድ ደቂቃ ካለፈ ምንም ማድረግ አይቻልም። ጨዋታው ሰዓቱን የሚያሳየው በስልካችሁ አቆጣጠር ነው፤ ስልኩ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ይቆጥራል። ስሕተቱ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ስልኩ ከቀትር በኋላ 1:00 ሲል ያየ ሰው «ምሽት 1 ሰዓት» ብሎ ያነበዋል፤ የተባለው ግን የቀኑ 7 ሰዓት ነው። በስድስት ሰዓት ተቀደመ ማለት ነው። ስለዚህ በእኛ ሰዓት በወረቀት ጽፎ መያዝ ያዋጣል። የዙሩ መጀመሪያ ቅዳሜ በእንግሊዝ 12:30 የሚደረግ ጨዋታ ከሆነ መዝጊያው ለእኛ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፣ እነሱ ሰዓታቸውን በክረምታቸው ወደኋላ ሲመልሱ ግን 8 ሰዓት ይሆናል። ዓርብ ማታ የሚጀመር ዙር ከሆነ ማታ 2:30፣ በክረምታቸው 3:30። እንግሊዞች ሰዓት የሚቀይሩት በኦክቶበርና በማርች የመጨረሻ እሑድ ነው፤ በእኛ ጥቅምት አጋማሽ ላይና መጋቢት ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ይውላል። በጥቅምት የሚሳሳት አይጎዳም፤ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይጨርሳል። በመጋቢት የሚሳሳት ግን ዘግይቶ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል።

ቅዳሜ 7 ሰዓት ለጎንደሬ መጥፎ ሰዓት ነው። ገበያ የወጣ አለ፣ ሱቁ ሰው የሞላበት አለ፣ ለቅሶ የሄደ አለ። ከሁሉም በላይ የመጨረሻዋ ግማሽ ሰዓት ላይ በመላው ዓለም ያለው ሰው አንድ ላይ ስለሚገባ ገጹ ይንቀራፈፋል። በከተራና በጥምቀት ሰሞን ከተማዋ በእንግዳ ስትሞላ የስልክ ኔትወርኩም ይጨናነቃል፤ ያን ሳምንት ሐሙስ ማታ ጨርሶ መተኛት ነው። መተግበሪያው ከከበዳችሁ በስልክ ብሮውዘር ዋናውን ድረ ገጽ ክፈቱ፤ ሥራው አንድ ነው።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ፤ ማስቀመጥ የሚባል። አምበል መቀየርና ተቀያሪ ማስተካከል አንድ ገጽ ላይ፣ ተጫዋች መሸጥና መግዛት ሌላ ገጽ ላይ ነው። ሁለቱም ለየብቻቸው ማረጋገጫ ቁልፍ አላቸው። አምበሉን ነክቶ «ሴቭ» ሳይል የወጣ ሰው ምንም አልቀየረም። ከጨረሳችሁ በኋላ ገጹን አንዴ አድሱና የአምበሉ ምልክት ያለበትን ቦታ እዩ።

ነጥብ አሰጣጡ በአብዛኛው የታወቀ ነው፦ 60 ደቂቃና ከዚያ በላይ የተጫወተ 2፣ ያነሰ የተጫወተ 1፤ አሲስት 3፤ የተከላካይ ጎል 6፤ ጎል ያልተቆጠረበት በረኛና ተከላካይ 4፤ ቢጫ ካርድ 1 ይቀንሳል፣ ቀይ 3፣ የሳተ ፔናልቲ 2። ከየጨዋታው ደግሞ ጎልተው የወጡ ተጫዋቾች 3፣ 2 እና 1 ተጨማሪ ያገኛሉ። ብዙዎች ገና ያልተለማመዱት በ2025/26 የገባው የመከላከል ነጥብ ነው። ተከላካይ በአንድ ጨዋታ ኳስ ማራቅ፣ መደረብ፣ ማቋረጥና መንጠቅ ተደምሮ 10 ከሞላ 2 ነጥብ ያገኛል። አማካይና አጥቂ 12 መሙላት አለባቸው፤ ለነሱ ግን ባለቤት የሌላትን ኳስ ማግኘትም ይቆጠራል። ይህ የገበያውን ዋጋ ቀይሮታል። የኤቨርተኑ ጄምስ ታርኮውስኪ ዓይነት፣ ሳጥኑ ውስጥ ቆሞ ኳስ ሲያርቅ የሚውል ተከላካይ፣ ቡድኑ አንድ ጎል ቢቆጠርበትም 4 ነጥብ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ድሮ 2 ብቻ ነበር። እንደ ሞይሰስ ካይሴዶ ያለ፣ ጎል እምብዛም የማያገባ አማካይም አሁን የሚታሰብ ሆኗል። እዚህ ላይ የኛ ፍርድ ይህ ደንብ ጨዋታውን አሻሽሎታል የሚል ነው፤ ኳስ የሚያቆመውም ሰው ዋጋ አገኘ።

ለሳምንቱ አምበል ስትመርጡ ስም ብቻ አትከተሉ። ቅደም ተከተሉ ይህ ቢሆን ይመረጣል፦ በመጀመሪያ ሙሉ 90 ደቂቃ የሚጫወት መሆኑ፣ ቀጥሎ ፔናልቲ የሚመታ መሆኑ፣ ከዚያ በሜዳው መጫወቱ፣ በመጨረሻ የተጋጣሚው ድክመት። ኮል ፓልመር በ2023/24 በ244 ነጥብ የዓመቱ አንደኛ የሆነው ካገባቸው 22 ጎሎች 9ኙ ፔናልቲ ስለነበሩ ጭምር ነው። ሳምንቱ መሀል ላይ በአውሮፓ ውድድር ሙሉ ጨዋታ የተጫወተ ሰው ቅዳሜ ቀትር ላይ ሊያርፍ እንደሚችል አትርሱ።

ምክትል አምበሉ የሚተካው ዋናው አምበል አንድም ደቂቃ ካልተጫወተ ነው። አምበሉ 89ኛው ደቂቃ ላይ ገብቶ 1 ነጥብ ካገኘ ያቺው 1 በሁለት ትባዛለች፣ ምክትሉ 15 ቢያገኝም አይረዳም። ተቀያሪም እንዲሁ የራሱ ሕግ አለው። ቢያንስ 3 ተከላካይ መሰለፍ ስላለበት፣ ሦስት ብቻ አሰልፋችሁ አንዱ ካልተጫወተ ወንበር ላይ ካሉት የሚገባው ተከላካይ ብቻ ነው፤ አንደኛ ያስቀመጣችሁት አማካይ 12 ነጥብ ይዞ ቁጭ ይላል። ማንም የማያውቀው 4.0 ተከላካይ ከመያዝ የሚጫወት 4.5 መያዝ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ዝውውር ላይ ጎንደር ይሁን ለንደን ሁሉም ሰው የሚታመመው አንድ በሽታ ነው፤ ችኮላ። በየሳምንቱ አንድ ነፃ ዝውውር ይሰጣል፣ ካልተጠቀማችሁበት እስከ 5 ይጠራቀማል። ከነፃው በላይ እያንዳንዱ ዝውውር 4 ነጥብ ያስቀንሳል። ስሌቱ ግልጽ ነው፤ የሚገባው ተጫዋች ከሚወጣው በ4 ካልበለጠ ኪሳራ ነው። እሑድ ማታ ባለፈው ሳምንት ሁለት ጎል ያገባውን ማሳደድ፣ ረቡዕ ልምምድ ላይ ተጎዳ ሲባል መልሶ መሸጥ፣ ይህ ሁሉ ነጥብ ይበላል። ዝውውር ዓርብ የአሠልጣኞች መግለጫ ከተሰማ በኋላ ይሁን። የዋጋ ለውጥ ሌሊት ላይ ስለሚደረግ 0.1 ለማትረፍ ቀድሞ መግዛት የሚፈተን አለ። ትርፉ ግን ግማሹ ነው የሚሰጣችሁ፣ ያውም ወደታች ተጠጋግቶ፦ በ7.5 የተገዛ ተጫዋች 7.8 ቢደርስ የምትሸጡት በ7.6 ነው። ለዚህ ብሎ የተጎዳ ተጫዋች ታቅፎ መቅረት አያዋጣም።

ኢንተርኔት ለሳምንታት ቢቋረጥስ? ቡድኑ አይጠፋም። ያለፈው አሰላለፍና ያለፈው አምበል ይቀጥላል፣ ነፃ ዝውውሩም እስከ 5 ይከማቻል። ስለዚህ ሊቋረጥ ይችላል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ አምበሉን በየሳምንቱ የሚጫወት፣ ጉዳት የማያጠቃው ሰው አድርጉት።

ልዩ ካርዶቹ አራት ዓይነት ናቸው፤ ዋይልድካርድ (ቡድኑን ሁሉ ያለ ቅጣት መቀየሪያ)፣ ፍሪ ሂት (ለአንድ ሳምንት ብቻ ቡድን መቀየሪያ)፣ ቤንች ቡስት (የተቀያሪዎችም ነጥብ የሚቆጠርበት) እና ትሪፕል ካፒቴን (የአምበሉ ነጥብ በሦስት የሚባዛበት)። በ2025/26 እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሆነዋል፤ የመጀመሪያው ስብስብ ከ19ኛው ዙር መዝጊያ (ታኅሣሥ 21 ቀን 2018) በፊት ካልተበላ ይቃጠላል። በአንድ ሳምንት ከአንድ ካርድ በላይ አይፈቀድም። ቤንች ቡስትና ትሪፕል ካፒቴን ሳይዘጋ መሰረዝ ይቻላል፤ ዋይልድካርድና ፍሪ ሂት ግን አንዴ ከጸደቁ ወደኋላ መመለስ የለም። ጣት የሚንቀጠቀጥበት ሰው ይጠንቀቅ።

እዚህ ከተማ ጨዋታው የሚጣፍጠው በግል ሊግ ነው፤ የማራኪ ግቢ ተማሪዎች፣ የአንድ ሰፈር ልጆች፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች ኮድ ተቀባብለው ይገባሉ። እንደ ዕቁብ ጸሐፊ ያስፈልገዋል፤ ጸሐፊው ደንቡን መጀመሪያ ካልጻፈ ግንቦት ላይ ጠብ አለ። ተራው ሊግ ነጥብ እኩል ከሆነ ያነሰ ዝውውር ያደረገውን ያስቀድማል፤ ይህን ሰው ሁሉ ቀድሞ ይወቀው። የፊት ለፊት ሊግ፣ በየሳምንቱ ሰው ከሰው የሚጋጠምበት፣ ሲሞቅ ሞቅ ያለ ነው፣ ማሸነፍ 3 አቻ 1፣ ከተጀመረ በኋላ ግን ማንም አይገባም፤ ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነም ጨዋታው «አማካይ ውጤት» የሚባል፣ የሳምንቱን መካከለኛ ነጥብ የሚይዝ ቡድን ያስገባል። በዚህ ቡድን መሸነፍ ከሰው ከመሸነፍ ይብሳል። በቴሌግራም «የሳምንቱ ምርጥ 11» ብለው በብር የሚሸጡትን አትግዙ፤ የሚነግሯችሁ ሁሉ ጨዋታው ውስጥ በነፃ ተጽፏል።

ቅሬታም አለን። አማርኛ የለውም፤ ደንቡን ለማንበብ እንግሊዝኛ የማይሆንለት ሰው በጓደኛው አፍ ነው የሚኖረው። በዐፄ ፋሲለደስ ስታዲየም የሚጫወቱትን ዐፄዎቹን የሚያፈቅር ደግሞ እዚህ አንድም ልጅ አያገኝም፤ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያነሣውን ፋሲል ከነማ በነጥብ የሚያሰላ ጨዋታ ቢኖር ኖሮ የዲኤስቲቪ ቤቱ ጩኸት ሌላ ነበር። ከአስር ቢሰጠው ስምንት፤ ሁለቱ የቀረው በቋንቋው ነው።

የመጨረሻው፣ የ38ኛው ዙር ጨዋታዎች ሁሉ (በ2025/26 ግንቦት 16 ቀን 2018 እሑድ) በተመሳሳይ ሰዓት ይጀመራሉ። እንደወትሮው ለእኛ 12 ሰዓት ላይ ከሆነ መዝጊያው ከቀኑ 10:30 ነው፤ ነፃ ዝውውር ተርፏችሁ ከሆነ ያን ቀን ጨርሱት፣ ወደ ሚቀጥለው ዓመት አይሻገርም።