ከሽሮ ሜዳ የገዛሁት ጋቢ፦ ክረምቱንም በጋውንም ካየ በኋላ

ፍርዱን አስቀድሜ ልናገር። ይህ ጋቢ ጥሩ ዕቃ ነው። ጥሩ ያልኩት ግን «የአገር ሸማኔ ይደገፍ» ስለሚባል አይደለም። ስለሚሞቅ፣ ስለሚጠገንና እንቅልፍ ስለሚያስተኛ ነው። ጉድለቱንም አልደብቅም፤ አለው።

የገዛሁት ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ነው፤ አሁን ዓመት ሊሞላው ነው። ዋጋውን አልጽፍም፤ እናንተ እስክታነቡት ይቀየራል። ከውጭ ከሚመጣው ለስላሳ ብርድ ልብስ ግን ከእጥፍ በላይ ያወጣል። ስለዚህ ልክ እንደ ማንኛውም ውድ ዕቃ ነው የምመዝነው።

ገበያው ላይ ያለውን ውዥንብር የምታውቁት ይመስለኛል። አጠገብ ላጠገብ የተንጠለጠሉ ሦስት ጋቢዎች ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። አንዱ የፋብሪካ ነው። አንዱ በእጅ የተሸመነ ነው፤ ክሩ ግን ድሩም (በቁመት የሚዘረጋው) ማጉም (በአግድም የሚገባው) የፋብሪካ ነው። ሦስተኛው ድሩ የፋብሪካ ሆኖ ማጉ በእንዝርት የተፈተለ ነው። ሻጩን ከጠየቃችሁት ሦስቱም «ንጹሕ የእጅ ሥራ» ናቸው። ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሡና እዩት። የእጅ ፈትል አንዱ ጋ ወፈር፣ አንዱ ጋ ቀጠን ይላል፤ የማሽን ክር እንደ መስመር ወጥ ነው። ከተፈቀደላችሁ ደግሞ ከዘርፉ አንድ ክር መዝዛችሁ ለኩሱት። ጥጥ ከሆነ ወረቀት ወረቀት እየሸተተ አመድ ይሆናል። ሰው ሠራሽ ከተቀላቀለበት ቀልጦ ጠጠር ይሠራል። አንድ ሱቅ ውስጥ «መቶ በመቶ ጥጥ» የተባለልኝ ጋቢ ክብሪት ሲነካው ጠጠር ሠራ። ባለሱቁ ክብሪቱን ተቆጣ እንጂ ክሩን አልተከራከረም።

በመጨረሻ የገዛሁት ከሱቅ ሳይሆን ከሸማኔው ቤት ነው። ሽሮ ሜዳና አካባቢው ከጋሞ ደጋ፣ በተለይ ከዶርዜ፣ የመጡ ሸማኔዎች ለረጅም ጊዜ የኖሩበት ሰፈር ነው። ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ስትሉ የመወርወሪያው ድምፅ ራሱ ይመራችኋል። እኔ ያገኘኋቸው ትልቅ ሰው ናቸው። እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከተው፣ መርገጫውን እየረገጡ ነው የሚያወሩት። መወርወሪያው ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ስለሚያልፍ ሸማው ከእጅ ርዝመት በላይ መስፋት አይችልም። ለዚህ ነው ጋቢ ሁለት ቁራጭ ተጋጥሞ መሃሉ ላይ የሚሰፋው። ይህን ስፌት ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሙቀቱ እንዴት ነው? የሐምሌን ብርድ ያለ ሌላ ነገር ችሏል። አራት እጥፍ ነው፤ በእጅ የተፈተለው ማግ ላላ ያለ ስለሆነ በመሃሉ አየር ይይዛል። የውጩ ብርድ ልብስም ይሞቃል። ግን እኩለ ሌሊት ላይ ያልባል፣ ሲገፉት ይበርዳል፣ ፀጉር ላይ ቻ ቻ ይላል። በጋቢው እንዲህ ያለ ጣጣ የለም። መጋቢት ላይ እንኳ ገልጬው አላደርኩም።

አዲስ ሳለ ደረቅ ይላል፤ ነጭ ብናኝም ያራግፋል። ጥቁር ሹራብ ላይ ደርባችሁት ከቤት እንዳትወጡ። ጥቂት ከታጠበ በኋላ ግን ሌላ ጨርቅ ሆነ። ለሰለሰ፣ ትንሽ አጠረ፣ ጠበቅ አለ። ማጠሩን አስቡበት፤ ረጅም ሰው ከሆናችሁ ሲታዘዝ ጨመር ይደረግ።

እጥበቱ ላይ ነው ጣጣው ያለው። አራት እጥፍ ጥጥ ውኃ ሲጠጣ ለብቻ አይነሣም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለምንኖር ሰዎች የት ይሰጣል የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። በክረምት ሁለት ቀንም ላይደርቅ ይችላል፤ ሳይደርቅ ከታጠፈ ደግሞ ይሸታል። ስለዚህ ክረምት ከመግባቱ በፊት አጥባለሁ፣ ከዚያ እስከ መስከረም በየፀሐይዋ ብልጭታ ማናፈስ ብቻ። ድሮ ነጭ ልብስ በእንዶድ ነበር የሚታጠበው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ወደ እንዶድ ምርምራቸው የገቡት። እኔ ግን ተራ ፈሳሽ ሳሙና ነው የምጠቀመው፣ በቀዝቃዛ ውኃ። በረኪና በፍጹም፤ ክሩን ይበላዋል። ጥለቱ ባለቀለም ከሆነ ለብቻው ዘፍዝፋችሁ ቀለሙ መልቀቅ አለመልቀቁን አስቀድማችሁ እዩ። የእኔ ቀዩ በመጀመሪያው እጥበት ትንሽ ለቆ ጠርዙን ሮዝ አስመስሎታል። አሁንም አለ።

ወደ ስፌቱ ልመለስ። በጋው አጋማሽ ላይ መሃሉ ተተረተረ፤ ክንድ ያህል። ይዤ ሄድኩ። ሸማኔው አገላብጠው አዩትና «ይሄ የመርፌ ነው ልጄ፣ ሸማው ምንም አልሆነም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ግን ጋቢውን የገዛሁት ከነስፌቱ ነው። ይህንኑ አልኳቸው። ሳቁ፣ ልጃቸውን ጠሩ፣ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ተሰፋ። ገንዘብ አልተቀበሉኝም። የከሰል ፍንጣሪ ያቃጠላት አንዲት ቀዳዳም ነበረች፤ እሷንም ከዚያው ማግ በመርፌ ሞልተው መለሱልኝ። የት እንደነበረች አሁን ፈልጌም አላገኛትም። ፍንጣሪ የነካው የፋብሪካ ብርድ ልብስ ግን እንደቀለጠ ይቀራል፤ የሚወሰድበት ሰውም የለም።

ስለ ድጋፍ የምለው ካለ ይኸው ነው። የእጅ ባለሙያን ስናዝንለት ኖረናል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ስንሰድበው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን «ጠይብ»፣ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» ብሎ መስደብ ከልክለዋል። አዋጅ እስኪያስፈልገው ድረስ ማለት ነው። ዛሬ ስድቡ ቀንሷል፤ በምትኩ የመጣው ግን «አይዟችሁ» እያሉ ዋጋ ላይ ሦስት ጊዜ መከራከር ነው። ብዙ ሸማኔ ክሩን ከነጋዴ ተቀብሎ በሠራው ቁራጭ ልክ ነው የሚከፈለው፤ ሱቅ ውስጥ የምንከፍለው ዋጋ እሱ እጅ የሚገባው አይደለም። ፈታዮቹ ደግሞ ጭራሽ አይነሡም። ለአንድ ጋቢ የሚሆን ማግ መፍተል ከመሸመኑ ይልቅ ጊዜ ይበላል፤ አብዛኛውም ቤት ውስጥ በሴቶች እጅ የሚያልቅ ሥራ ነው። «የእጅ ፈትል ለምን ተወደደ» የሚል ሰው አንድ ልቃቂት ለመፍተል ይሞክር።

እንግዲህ ለማን ይሆናል? ብርድ የሚፈራ፣ ማታ ቡና ይዞ በረንዳ ላይ የሚቀመጥ፣ ለወላጅ ስጦታ የሚፈልግ ሰው ይግዛ። ትንሽ ልጅ ወይም ጥፍሯን የምትስል ድመት ያለበት ቤት ግን ቆየት ይበል፤ ክሩ በቀላሉ ይመዘዛል። ማጠቢያ ማሽን ብቻ የሚያምን ሰውም እንዲሁ፤ እኔ አልሞከርኩትም፣ የምሞክረውም አይመስለኝም።

ለእናቴ አንድ ልጨምር ነው። ቀብዱን ሰጥቻለሁ። ማጉ የእጅ ፈትል፣ ጥለቱ ነጭ በነጭ፣ ርዝመቱ ከእኔው አንድ ስንዝር የበለጠ፣ የመሃሉ ስፌት ደግሞ ድርብ እንዲሆን ተነጋግረናል። ለድርቡ ስፌት ተጨማሪ ጠየቁኝ። ከፈልኩ።