መረጃ መስሎን የገዛነው፦ የካንሰር «አማራጭ ሕክምና» ከሚሸጡ ገጾች ተጠንቀቁ

ታላቅ እህቴ የትልቁ አንጀት ካንሰር እንዳለባት በታወቀ ሰሞን ቤተሰቡ ሁሉ እንቅልፍ አጥቶ ሌሊት ሌሊት ኢንተርኔት ላይ ያፈጥ ነበር። እኔም በአንዱ ሌሊት ካንሰርን በተፈጥሮ መንገድ ስለማዳን የሚያትት አንድ ገጽ አገኘሁ። ነጭ ጋዋን የለበሱ ሰዎች ፎቶ፣ የግርጌ ማስታወሻ ያላቸው ጽሑፎችና «የምርምር ማኅደር» የሚባል ክፍል ስለነበረው ሱቅ ይሆናል ብዬ ፈጽሞ አልጠረጠርኩም። በሦስተኛው ቀን የሁለት ወር ደመወዜን ከፍዬ «የማንጻት ፕሮግራም» የተባለ ስድስት ጠርሙስ እንክብል አዘዝኩ። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው በዚያው መንገድ ገንዘቡን፣ ከገንዘቡም በላይ የማይመለሰውን የሕክምና ጊዜውን እንዳያጣ ነው።

እህቴ በወቅቱ ኢሪኖቴካን የተባለውን የኬሞቴራፒ መድኃኒት በደም ሥር እየወሰደች ነበር። የገጹ «አማካሪ» በላከልን መልእክት «ሐኪሞች ይህን ዘርፍ ስላልተማሩት ባትነግሯቸው ይሻላል» ብሎ ስለመከረን፣ ለአንድ ወር ያህል ለማንም ሳንናገር እንክብሉን ጎን ለጎን ትውጥ ነበር። ነገሩ የተገለጠው የሆስፒታሉ ፋርማሲስት «ሐኪሙ ካዘዘልዎት ውጭ የሚወስዱት ነገር ካለ፣ ሻይም ይሁን ቫይታሚን፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘውልኝ ይምጡ» ስላለቻት ነው። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እያዞረች አነበበች፤ በአራተኛው ጀርባ፣ ከታች በደቃቅ ፊደል ከተደረደሩት ዕፅዋት መካከል ሴንት ጆንስ ዎርት የሚለው ስም ላይ ጣቷን አሳረፈች። ይህ ዕፅ ጉበት መድኃኒትን የሚሰባብርበትን ኢንዛይም ስለሚያነቃቃ፣ ኢሪኖቴካን በሰውነት ውስጥ ተለውጦ የሚሆነውና ካንሰሩን የሚመታው ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ያለውን መጠን ይቀንሰዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በጥቂት ሕሙማን ላይ ተሠርቶ በታተመ ጥናት ቅነሳው 42 በመቶ ነበር። እህቴ ያን ሁሉ ተቋቁማ የምትወስደውን መድኃኒት እኔ በገዛ ገንዘቤ ሳላዳክመው አልቀረሁም። ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

ገንዘቡ እንዲመለስልኝ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ የተከፈተ ጠርሙስ አይመለስም፣ ውጤት ያላገኘም ሰው መመሪያውን በትክክል ስላልተከተለ ነው የሚል ነበር። ዋስትና ብለው የጻፉት ሁሉ በሽተኛውን ጥፋተኛ የሚያደርግ ነው። ከገጹ አናት ላይ የነበረው «ቅናሹ ሊያበቃ ነው» የሚል ቆጣሪ ሰዓትም ገጹን ዘግቼ በከፈትኩት ቁጥር ከመጀመሪያው እንደሚነሣ ያየሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ «የምርምር ማኅደሩን» አንድ በአንድ መረመርኩት። ጥናቶቹ በእውነት የታተሙ ናቸው፤ ነገር ግን አብዛኞቹ በላብራቶሪ ሳህን ላይ ባሉ ሕዋሳት ወይም በአይጦች ላይ የተሠሩ ነበሩ። በሳህን ላይ ያለን የካንሰር ሕዋስ በረኪናም ይገድለዋል። ተፈጥሮ መድኃኒት አይሰጥም ማለቴ አይደለም፤ ፓክሊታክሰል የተባለው ታዋቂ የካንሰር መድኃኒት የተገኘው ከዪው ዛፍ ልጥ ነው። ልጡ እ.ኤ.አ. በ1962 ተሰብስቦ መድኃኒቱ በአሜሪካ የተፈቀደው በ1992 ሲሆን፣ በመካከሉ ያለው 30 ዓመት ንጥረ ነገሩ ተለይቶ መጀመሪያ በላብራቶሪ፣ በኋላም መጠኑ፣ ጉዳቱና ጥቅሙ በሰው ላይ የተፈተነበት ነው። ሻጮቹ የሚዘሉት ይህንኑ መንገድ ነው። «ቫይታሚን ቢ17» እየተባለ የሚሸጠው ከአፕሪኮት ፍሬ አስኳል ከሚወጣ ንጥረ ነገር የሚሠራው ሌትሪል ደግሞ መንገዱን ሄዶ ወድቋል፤ ቫይታሚንም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 ውጤቱ በታተመው የ178 ሕሙማን ሙከራ ጥቅም አላሳየም፣ ከሕሙማኑም አንዳንዶቹ የሳያናይድ መመረዝ ምልክት ታየባቸው። ይህ ከታወቀ አራት አሥርት ዓመታት ቢያልፉም ዛሬም በኢንተርኔት ይሸጣል።

ልብ የሚያሸንፈው ግን ምስክርነቱ ነው። እኔንም ያሸነፈኝ ፈገግ ያለች ሴት ቪዲዮ ነበር። አውስትራሊያዊቷ ቤል ጊብሰን የአንጎል ካንሰሬን በምግብና በተፈጥሮ ሕክምና እየተቆጣጠርኩ ነው እያለች ብዙ ተከታይና ገንዘብ ካገኘች በኋላ፣ ካንሰር ኖሯት እንደማያውቅ እ.ኤ.አ. በ2015 አመነች፤ በ2017 ፍርድ ቤት 410,000 የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣት። እውነተኛ ምስክርም ቢሆን አስቀድሞ ቀዶ ሕክምና ማድረጉን ላይነግረን ይችላል፤ የሞቱት ደግሞ ቪዲዮ አይሠሩም። በማኅበራዊ ሚዲያ በብዛት የተሠራጩ 200 የካንሰር ጽሑፎችን የመረመሩ ባለሙያዎች 32.5 በመቶዎቹ የተሳሳተ መረጃ እንደያዙ፣ እነዚህም ከትክክለኞቹ የበለጠ መውደድ፣ አስተያየትና ማጋራት እንዳገኙ ደርሰውበታል።

በቃላቱ መካከል ያለውን ልዩነትም ልብ በሉ። ከመደበኛው ሕክምና ጋር በሐኪም ዕውቀት የሚሰጥ፣ ለምሳሌ ለማቅለሽለሽ የሚደረግ አኩፓንክቸር (ቀጫጭን መርፌ ቆዳ ላይ የሚሰካበት ሕክምና) ወይም ለድካም የሚረዳ ዮጋ፣ ደጋፊ ሕክምና ይባላል፤ አማራጭ የሚባለው መደበኛውን የሚተካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት፣ ካንሰራቸው ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ሳይሠራጭ አማራጭ ሕክምናን ብቻ የመረጡ 281 ሕሙማን መደበኛውን ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ የሞት አደጋቸው 2.5 እጥፍ፣ እንደ እህቴ የአንጀት ካንሰር ባለባቸው ደግሞ ከአራት እጥፍ በላይ ነበር።

አሁን አንድ ዕፅ ወይም ዘዴ ሲነገረኝ ስሙን የምፈልገው ምንም በማይሸጡልኝ ቦታዎች ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት በየሕክምናው ላይ ያለውን ማስረጃ ለሕሙማንና ለባለሙያዎች ለየብቻ ጽፎ ያወጣል። የሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል የዕፅዋት መዝገብ ደግሞ ከየትኛው መድኃኒት ጋር እንደሚጋጭ ይዘረዝራል፤ ሴንት ጆንስ ዎርትን እዚያ ስፈልግ ማስጠንቀቂያው ተጽፎ አገኘሁት። በሌላ በኩል ገጽ ላይ የተለጠፈ ማኅተም አያሳምናችሁ። ለጤና ገጾች የታማኝነት ማኅተም ይሰጥ የነበረው ሔልዝ ኦን ዘ ኔት የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ሥራውን አቁሟል፤ ማኅተሙን ዛሬ ብታዩት ከጀርባው የሚቆጣጠር የለም።

ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ ይቆጣኛል ብላችሁ አትደብቁ፤ እኛን ማንም አልተቆጣንም። ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ካልቻላችሁ ፎቶ አንሡት፤ ስታነሡም የፊቱን ብቻ ሳይሆን በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ጀርባውን እስከ ታች ድረስ አንሡ።