የሸገር «ጨዋታ»፦ ባለሙያን አስቀምጦ ማናገር እንዲህ ነው

አያቴ 88 ዓመታቸው ነው። ጆሯቸው ደከም ብሏል። ባለፈው ሰሞን ስልኬን ከትንሿ ስፒከር ጋር አገናኘሁና የአምባሳደር ዘውዴ ረታን የሸገር ሬዲዮ ቃለ ምልልስ ከፈትኩላቸው። ጥቂት እንደሰሙ ጋደም ካሉበት ቀና አሉ። «ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ቡናው ቢቀርብም ዞር ብለው አላዩትም።

ይህ ቃለ ምልልስ የቀረበበትን የሸገር ኤፍ ኤም 102.1ን «ጨዋታ» ሳላደንቅ ማለፍ ያልቻልኩት በዚህ ነው። አዘጋጇ መዓዛ ብሩ እንግዳዋን ታስቀምጥና ከልጅነቱ ትጀምራለች። የት ተወለዱ? ሰፈሩ ምን ይመስል ነበር? ማን አስተማረዎት? መጀመሪያ ላይ «ይሄ ሁሉ ለምንድነው፣ ወደ ቁምነገሩ አትገባም እንዴ» የምትሉ ትኖራላችሁ፤ እኔም ብዬ ነበር። ግን ሰውየው ከየት እንደመጣ ከሰማችሁ በኋላ፣ ስለ ሥራው የሚናገረው ነገር ሌላ ክብደት ይኖረዋል። ስሙም ትክክል ነው። ጨዋታ ማለት በእኛ ቤት ቁጭ ብሎ፣ ሳይጣደፉ ማውጋት ነው።

ዘውዴ ረታን ለምን አስቀደምኩ? አንድ ሰው ውስጥ ብዙ ሙያ ስላለ ነው። በጋዜጠኝነት ጀመሩ፣ የቤተ መንግሥት ዜና ዘገቡ፣ ሬዲዮ ላይ ሠሩ። ማስታወቂያ ሚኒስቴር ውስጥ ትልቅ ኃላፊነት ላይ ደረሱ። በጣሊያንና በቱኒዚያ አምባሳደር ሆኑ። በኋላ ደግሞ ያዩትን፣ የሰሙትንና ያገላበጡትን ሰነድ ይዘው ዳጎስ ያሉ የታሪክ መጻሕፍት ጻፉ። በ2008 ዓ.ም. ለንደን ላይ አረፉ። እንዲህ ያለ ሰው በራሱ አንደበት ሲያወራ፣ የታሪክ ምሁሩ የቱ ጋ አልቆ ጋዜጠኛው የቱ ጋ እንደጀመረ መለየት ይከብዳል። ደስ የሚለውም እሱ ነው። ጨዋታው ደግሞ በአንድ ክፍል አያልቅም፤ ብዙ ክፍል ነው።

ይሄ ትልቅ ነገር መሆኑን የምታውቁት ሌላውን ስትሰሙ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ትዝ ይላችኋል? ባንክ ላይ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በአንድ ቀን 74 ብር የገባ ጊዜ። የዚያን ሳምንት የከፈትኩት ጣቢያ ሁሉ ባለሙያ ጋብዟል። የእንግዳው ማዕረግ ተነቦ ሳያልቅ ግማሹ ሰዓት ይሄዳል። እኔ ማወቅ የፈለግሁት የዘይት ዋጋ የት ይደርሳል፣ ዱባይ ያለችው እህቴ የምትልከውስ ስንት ይሆናል የሚለውን ነበር። የሰማሁት «ማክሮ ኢኮኖሚ»፣ «ሪፎርም»፣ «ሊበራላይዜሽን» ብቻ ነው። ምሁራኑ መልሱን አጥተውት አይመስለኝም። «ይሄ ጉሊት ለምትቸረችር እናት ምን ማለት ነው?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ጥሩ ጠያቂ ያላገኘ ባለሙያ ተቆልፎ እንደተቀመጠ ጎተራ ነው፤ እህሉ አለ፣ ግን ማንም አይበላውም።

ጤና ላይማ ጉዳቱ ሕይወት ነው። እናቴ የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ራስ ምታቷ ሲተዋት «ተሽሎኛል» ብላ አቆመችው። የሚያክማት ሐኪም ጎበዝ ነው፣ ግን በሩ ላይ ያለው ወረፋ አያናግረውም። አንድ ቀን ሬዲዮ ላይ አንድ ሐኪም ረጋ ብሎ ሲያስረዳ ሰማች። ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት እንደሌለው፣ ሰው ምንም ሳይሰማው 140 በ90ን አልፎ ሊሄድ እንደሚችል፣ ኪኒኑም እንደ ራስ ምታት መድኃኒት ሲያም ብቻ የሚዋጥ እንዳልሆነ። ጠያቂዋ «ታዲያ ደህና ነኝ ካልኩስ?» ብላ መልሳ ጠየቀችው። የእናቴን ጥያቄ ነው የጠየቀችላት። አሁን ኪኒኗ ከስኒዎቹ አጠገብ፣ ረከቦቱ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ጠዋት ቡና ስታፈላ ትውጠዋለች።

አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ። ዩቲዩብ ላይ እንዲህ ያሉ ቃለ ምልልሶችን ቆራርጠው የሚለጥፉ ቻናሎች አሉ። በቀይ ፊደል «ጉድ ፈላ!» ይላሉ፣ ከረጅም ወሬ ሦስት ደቂቃ ያነሳሉ። እኔ በአንዱ ተታልዬ ከጓደኛዬ ጋር ስከራከር አመሸሁ። በኋላ ሙሉውን ስሰማ፣ ሰውየው ንግግራቸውን የቋጩት እኔ በተከራከርኩበት ተቃራኒ ነው። ጓደኛዬን ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። ስለዚህ ሙሉውን ፈልጉ፤ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሩ።

ምኞቴንም ልናገር። ባለሙያ ስንል ዶክተርና ፕሮፌሰር ብቻ ባይመጣብን ደስ ይለኛል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ30 ሺህ በላይ ናቸው። ቤት ለቤት እየዞሩ እናቶችን ያስከተቡ፣ ስለ መጸዳጃ ቤት ጉድጓድ ከአባወራ ጋር የተከራከሩ ሴቶች ናቸው። የመንግሥት ፖሊሲ ወረቀት ላይ ምን እንደሚል ሌላው ይነግረናል፤ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሆን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከመካከላቸው አንዷን ከልጅነቷ ጀምሮ፣ በብዙ ክፍል ብሰማት ሥራዬን አስፈቅጄም ቢሆን አዳምጣለሁ።

«ጨዋታ» ለመኪና መንገድ፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለቡና ሰዓት ይሆናል። ብቻችሁን አትስሙት፤ ዕድሜ የጠገበ ሰው ቤት ካለ ከእሱ ጋር ስሙት። አያቴ ቃለ ምልልሱን እያስቆሙኝ የራሳቸውን ይጨምራሉ፣ ስለዚህ አንዱን ክፍል ለመጨረስ ሁለት ምሽት ይፈጅብናል። ገና ሦስተኛው ላይ ነን። ትናንት ራታቸውን ሳይጨርሱ «ያን ሰውዬ ክፈትልኝ» አሉኝ።