ጥጉ ሰምጧል ብለውኝ ነበር

ሰሚት ያለው ቤታችን በጥጉ መኝታ ቤት መስኮት ሥር የተሰነጠቀው በ2013 ነው። መጀመሪያ የፀጉር ያህል ነበር። ከሁለት ክረምት በኋላ የቤት ቁልፍ ያስገባ ጀመር። የክፍሉ በርም ነሐሴ ላይ አልዘጋ ይላል፤ ጥር ላይ ደህና ይሆናል።

አንድ ግንበኛ መጋቢት ላይ በሲሚንቶ ደፍኖ ቀለም ቀባልኝ። ሐምሌ ላይ ተመልሶ ተከፈተ። ቀጥሎ የመጣው ሥራ ተቋራጭ አምስት ደቂቃ እንኳን ሳይቆይ "ጥጉ ሰምጧል፤ ከሥሩ ተቆፍሮ ኮንክሪት ይሞላ" አለኝ። የጠየቀው 420 ሺህ ብር ነበር። እውነቴን ነው፣ ልከፍል ነበር። ያስቆመኝ የእህቴ ልጅ ነው፤ ከአንድ መሐንዲስ ጋር አገናኘኝ። ይህን አስተያየት የምጽፈው ስለ እሱ ሥራ ነው።

መሐንዲሱ ግንቦት 2016 አንድ ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ግድግዳውን ሳይነካ ብዙ ጠየቀኝ። በሩ የሚጣበቀው በየትኛው ወር ነው? ሴፕቲኩ የት ነው? ግቢው ውስጥ ባህር ዛፍ ተቆርጦ ያውቃል? ቧንቧውን ሁሉ ዘግተን ከውሃ ቆጣሪው ፊት ግማሽ ሰዓት ቆምን። ቆጣሪው ንቅንቅ አላለም። ከመሬት በታች የሚያፈስ የንጹህ ውሃ ቧንቧ የለም ማለት ነው።

ከዚያ ስንጥቁን አሳየኝ። ከታች ይሰፋል፣ ወደ ላይ ይጠባል። ሦስት ዓመት ሙሉ እያየሁት ልብ ብዬ አላውቅም። ይህ ስላጠራጠረው ውሃ በሞላ ቀጭን ጎማ የአራቱንም የቤቱን ጥግ ከፍታ ለካ። "እትዬ፣ ይሄ ጥግ አልሰመጠም። ወደ ላይ ተነስቷል" አለኝ። ወደ 2 ሳንቲ ሜትር!

ሰፈራችን መረሬ ነው። ጥቁሩ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ፎቅ የሌለው ቤት ደግሞ ቀላል ስለሆነ አፈሩ ያነሳዋል። ከመሠረቱ አጠገብ አስቆፍሮ አፈር ለላብራቶሪ ወሰደ። ተፈጭቶ የተነፋው አፈር ውሃ ውስጥ 24 ሰዓት ሲቆይ ከእጥፍ በላይ አበጠ። በዚያ ላይ የተነሳው ጥግ ሥር ያለው አፈር እርጥብ ነው፤ የማዶው ደረቅ። ለምን? የጣራችን አሸንዳ መውረጃ ውሃውን የሚያፈሰው እዚያው ጥግ ሥር ነው። ዓመታት ሙሉ አፈሩን ውሃ ስናጠጣው ኖረናል። 420 ሺህ ብሩን አፍስሼ ቢሆን ኖሮ ውሃው እዚያው ይቀር ነበር።

ይህን ሁሉ አይቶም አልቸኮለም። ስንጥቁ ላይ ትንሽ ጂፕሰም ለጥፎ ቀን ጻፈበት። "ከተሰበረ ግድግዳው አሁንም ይንቀሳቀሳል" አለኝ። ሐምሌ ላይ ለሁለት ተሰበረ።

ለሥራው ከምሰጠው ኮከብ አንዱን የቀነስኩት በሪፖርቱ ምክንያት ነው። ሦስት ሳምንት ዘገየ፤ ሲመጣም ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነበር። ቤቱ የእኔ፣ ብሩ የእኔ፤ በሚገባኝ ቋንቋ ሊጻፍልኝ ይገባ ነበር። ስነግረው ግን ቤት ድረስ መጥቶ ከባለቤቴ ጋር አስቀምጦን ገጽ በገጽ አስረዳን።

ለምርመራው ከነላብራቶሪው 25 ሺህ ብር ከፈልኩ። ጥር 2017 የአሸንዳውን መውረጃ በቱቦ እስከ ጎርፍ መሄጃው አስቀጠልን። በቤቱ ዙሪያም 1 ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ ኮንክሪት አስደረግን። ይሄ ሁሉ 60 ሺህ ብር አልሞላም። ልስኑን እንዳስነካ ግን አልፈቀደልኝም፤ "አንድ ክረምት ይለፍ" አለ። ግንቦት ላይ ሌላ ጂፕሰም ለጠፈ። ክረምቱን በሙሉ ጠዋት ጠዋት እሱን ሳላይ ቡና አላፈላም ነበር። መስከረም ጠባ፣ አልተሰበረም። ጥቅምት ላይ ግድግዳውን አስለሰንኩ።